7 ዓመት ከ8 ወር ያስረጀኝ ገጽ

ከጅማ የደረሰን ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ፣ ጸሐፊዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን አውጥተን ዋና ዋናውን በራሳቸው አነጋገር እናቀርባለን።

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው ጅማ ነው፤ በጤና ሙያ አስተምራለሁ። ለሦስተኛ ዲግሪ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አመልክቼ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፍኩ በኋላ፣ ከአስመራጭ ኮሚቴው ‹በማመልከቻዎ ላይ የሞሉት የትውልድ ቀን በኢንተርኔት ካገኘነው ጋር ስለማይጣጣም ማብራሪያ ይስጡን› የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። የዕድሜ ጣሪያው 35 ዓመት ነው። ደንግጬ ስሜን ስፈልግ አራት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሳተፍኩበትን ሥልጠና ያዘጋጀው ማኅበር በድረ ገጹ ላይ ባወጣው የሠልጣኞች ዝርዝር የተወለድኩት ‹ሜይ 12 ቀን 1986› እንደሆነ ጽፏል፤ እኔ ግን የተወለድኩት ጥር 12 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ የተመራማሪዎችን ጽሑፎች በሚዘረዝረው ጉግል ስኮላር ላይ በስሜ ከተዘረዘሩት 11 ጽሑፎች አራቱ ስለ አፈር ለምነት ናቸው፤ እኔ ስለ አፈር አንዲት መስመር ጽፌ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ካየኋቸው ቆይቻለሁ፤ ጽሑፎቼ የተጠቀሱበትን ቁጥር ስለሚያሳድጉልኝ ዝም ብዬ ነበር። ሦስተኛ፣ የደዋይን ስም የሚያሳይ መተግበሪያ ለጫኑ ሰዎች ስደውል ‹የቡና ደላላ መርካቶ› የሚል ስም ይመጣላቸዋል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬ አባት ጋ ብደውል ‹ዘንድሮ ቡና የለንም› ብለው ዘጉብኝ። አራተኛ፣ እንደተመረቅኩ 11 ወር የሠራሁበት የግል ክሊኒክ እስከ ዛሬ ፎቶዬን ለጥፎ ‹ባልደረባችን› ይለኛል። ተጣልቼ የወጣሁበት ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ መሥራቴ ራሱ ከኢንተርኔት እንዲጠፋልኝ እፈልጋለሁ። ወንድሜ ፌስቡክ ላይ አውጥተሽ አጋልጫቸው ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ጠበቃ እንያዝ ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ውድ እህቴ፤

የወንድምዎም የባለቤትዎም ሐሳብ ለእርስዎ ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ ሁለቱንም ያመስግኑልኝ፤ ሆኖም አንዱንም ዛሬ እንዲያደርጉት አልመክርም። አራቱን ጉዳዮች እንደ አንድ ችግር ማየትዎም መፍትሔውን ሳያከብድብዎ አልቀረም። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው የሞክሼ መደባለቅ ነው፤ ሦስተኛው ከሲም ካርድ ጋር የወረሱት ስም ነው፤ አራተኛው ግን ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ እውነት ነው። እያንዳንዱ የተፈጠረበት ቦታ የተለያየ ስለሆነ የሚታረመውም እዚያው በተፈጠረበት ቦታ ነው፤ አንድ ትልቅ ጩኸት አራቱንም አያቃናቸውም።

ከሁሉ በፊት ኢሜይሉን ይመልሱ። ድረ ገጹ እስኪታረም ድረስ ለኮሚቴው ዝም ማለት ከገጹ ስሕተት የበለጠ ይጎዳዎታል። ገጹን የሚያርመው ሰው ነገም ሊመልስልዎ ይችላል፣ ከሦስት ወር በኋላም ሊመልስልዎ ይችላል፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ግን አይጠብቅዎትም። ደግሞም ኮሚቴው የጠየቀዎት ልዩነቱን እንዲያብራሩ እንጂ ገጹን እንዲያሳርሙ አይደለም፤ ማብራሪያው ደግሞ በእጅዎ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ስሕተት አሻራውን ትቶ ነው የሄደው።

ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ጥር አምስተኛው ወራችን ስለሆነ፣ በቀበሌ መታወቂያዎም ሆነ ያኔ በሞሉት የምዝገባ ቅጽ ላይ የትውልድ ቀንዎ «12/5/1986» ተብሎ ተጽፎ እንደሚሆን እገምታለሁ። መዝጋቢው ይህን ቁጥር አቆጣጠሩን ሳይለውጥ አንሥቶ፣ አምስተኛውን ወር የፈረንጆቹ አምስተኛ ወር አድርጎ ሲያነበው «ሜይ 12 ቀን 1986» ይወጣል። ቀኑ 12 እንደሆነ፣ ዓመቱም 1986 እንደሆነ መቅረቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። በትክክል ሲቀየር ግን ጥር 12 ቀን 1986 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1994 ነው፤ እንግዲህ ገጹ በ7 ዓመት ከ8 ወር ከ8 ቀን አስረጅቶዎታል። ይህ ዓይነቱ ነገር በእርስዎ አልተጀመረም፤ የአንዳቸው ቀን ተቀይሮ የሌላው ሳይቀየር በመቅረቱ በወረቀት ላይ ከታላቅ እህቱ በዕድሜ የሚበልጥ ታናሽ ወንድም አይቻለሁ። እንቀይራለን የሚሉትም ቢሆኑ ስምንት ዓመት በደፈናው ደምረው ያልፋሉ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ ስምንት መሆኑን ስለሚዘነጉ፣ በጥቅምት የተወለደውን ሰው አንድ ዓመት ያሳንሱታል። የእርስዎ በጥር ስለሆነ ስምንቱ ይሠራል።

ለኮሚቴው የሚጽፉት መልስ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ሁለት አንቀጽም ይበቃዋል። በመጀመሪያው አንቀጽ አገራችን የራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት፣ በኢንተርኔት ያገኙት ቀን ይኸው ቀን ሳይቀየር የተወሰደ መሆኑን፣ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩዋቸው። በሁለተኛው አንቀጽ ገጹ እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅዎን ቀኑን ጠቅሰው ይግለጹ፤ የጥያቄውንም ቅጂ ያያይዙ። ፓስፖርትዎንና የልደት የምስክር ወረቀትዎንም አብረው ይላኩ። የገጹን አድራሻ ራስዎ ይስጧቸው፤ እነርሱ ቀድመው ያዩትን ነገር ለመሸፋፈን መሞከር ሌላ ጥርጣሬ ይጋብዛል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከመላክዎ በፊት አንድ ምሽት ወስደው የራስዎን ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያመሳክሩ፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ። በእነርሱ መካከል ልዩነት ካለ መንገዱ ሌላ ነው፤ የልደት ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የሚመራው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጉዳይ ይሆናል፣ የፋይዳውም በምዝገባ ጣቢያ ይስተካከላል፤ ድረ ገጽ ማሳረም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፓስፖርትዎ ጃንዋሪ 20 ቀን 1994 የሚል ከሆነ ግን ያለ ሐሳብ ይቀጥሉ።

አሁን ወደ ገጹ እንሂድ። ለማኅበሩ የሚጽፉት ጥያቄ አጭር፣ ቦታውን በጣት የሚያሳይና አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ይሁን። የሚከተለውን እንደ ናሙና ይውሰዱት፦

«በድረ ገጻችሁ ላይ በሚገኘው የሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ ከስሜ ጎን የትውልድ ቀኔ ሜይ 12 ቀን 1986 ተብሎ ተጽፏል። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሳይቀየር የተወሰደ ነው። የትውልድ ቀን ለሠልጣኞች ዝርዝር አስፈላጊ ባለመሆኑ ሙሉ በሙሉ ከገጹ እንዲወጣልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ በጃንዋሪ 20 ቀን 1994 እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ዝርዝሩ በፒዲኤፍ ፋይልም ተያይዞ ከሆነ እርማቱ በዚያም ላይ እንዲደረግ፣ ሲጠናቀቅም በዚህ አድራሻ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አሳስባለሁ።»

እንዲታረም ከመጠየቅ ይልቅ እንዲወጣ መጠየቁን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ሥልጠና የወሰደ ሰው ስሙና የሠለጠነበት ጉዳይ ቢታወቅ ምንም አይደለም፤ የተወለደበት ቀን ግን ለአላፊ አግዳሚው ምን ይጠቅማል? ትክክለኛው ቀን በአደባባይ መቀመጡም ቢሆን አደጋ አለው፤ ስምን፣ የትውልድ ቀንንና ስልክን አንድ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ ለባንክ ሠራተኛ ደውሎ እርስዎን መስሎ ለመናገር ግማሽ መንገድ ሄዷል። በዚሁ ምክንያት ማስረጃ ሲልኩም ይጠንቀቁ። ማኅበሩ መታወቂያ ካልጠየቀ አይላኩ፤ ከጠየቀም ስምዎና የትውልድ ቀንዎ ብቻ እንዲታይ አድርገው የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የፋይዳ ቁጥሩንና ፊርማውን በወረቀት ሸፍነው ያንሡት። የኮሚቴው ጉዳይ ይለያል፤ እነርሱ ሙሉ ሰነድ የማየት ሥልጣን አላቸው፤ የሚልኩላቸውም እነርሱ በሰጡዎት የማመልከቻ መንገድ ነው። ጥያቄውን ከማቅረብዎ በፊት ደግሞ የገጹን አድራሻና ቀኑ የሚታይበትን ስክሪንሹት ያስቀምጡ፤ ገጹ ነገ ቢታረም «ምን ተጽፎ ነበር?» ለሚልዎት ሰው የሚያሳዩት ነገር ያስፈልግዎታል።

ስለ ፌስቡኩ ሐሳብ ግን ከራሴ ገጠመኝ ልንገርዎ። አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ስሜን ከሟቾች ተርታ አስፍሮት አገኘሁና፣ በንዴት ስክሪንሹቱን አንሥቼ «ሳልሞት ቀበራችሁኝ» የሚል ጽሑፍ ጨምሬበት ለጠፍኩት። ያንን ገጽ ከዚያ በፊት ያየው ሰው በጣት የሚቆጠር ይሆናል። እኔ ከለጠፍኩት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ ምስሉን ብቻ ያዩ ዘመዶች ከአጋሮ ድረስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ በሩን የከፈትኩላቸው ራሴ ነበርኩ። በመጨረሻ ስሕተቱን ያስተካከለው ለማኅበሩ ጸሐፊ የጻፍኩት የሦስት መስመር ደብዳቤ ነው፤ እርሱም አራት ቀን ብቻ ፈጀ። የእርስዎንም ጉዳይ ወንድምዎ ፌስቡክ ላይ ቢያወጡት ስምዎና «1986» የሚለው ቁጥር ዛሬ ካለበት አንድ ገጽ ወጥቶ በየሰዉ ስልክ ይበተናል፤ ያን የሚሰበስበው ማን ነው?

ጠበቃን በተመለከተ የባለቤትዎን ሐሳብ ፈጽሞ አልጥለውም፤ ጊዜው አልደረሰም እንጂ። ማኅበሩ ጥያቄዎን በዝምታ ካለፈው ወይም እምቢ ካለ የሚይዙት ሕግ አለዎት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃው የተያዘበት ሰው ትክክል ያልሆነውን መረጃ የማሳረም መብት ሰጥቶታል፤ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ለማኅበሩ በሚጽፉት ሁለተኛ ደብዳቤ አዋጁን በቁጥሩ ይጥቀሱት፤ የመጀመሪያው ግን በጨዋ ቋንቋ ብቻ ይሁን፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የደከመው መዝጋቢ ነውና ክስ እንደመጣበት ከተሰማው ጉዳዩን ለአለቃ፣ አለቃም ለሕግ ክፍል እያስተላለፉ ያንከባልሉታል። መረጃው ያለው ዋና መሥሪያ ቤቱ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ በሆነ ኩባንያ እጅ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 16 ይኸንኑ መብት ይሰጣል፤ ኩባንያውም በአንድ ወር ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል፤ ጠያቂው የሚኖረው ጅማ መሆኑ መብቱን አያስቀረውም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚነሣው አንድ ሰው ሆን ብሎ እርስዎን መስሎ ገጽ ሲከፍት ወይም ስምዎን ለማጥፋት ሲነሣ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፋት አላየሁም።

ገጹ ከታረመ በኋላ ጉግል ላይ ስምዎን ቢፈልጉ አሮጌው ቀን ለተወሰነ ጊዜ ይታይ ይሆናል፤ አይደንግጡ። ጉግል ቀድሞ ያነበበውን ይዞ ስለሚቆይ ነው እንጂ የራሱ መዝገብ የለውም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ለጉግል አቤት ይላል፤ ይህ አህያውን ትቶ ዳውላውን መደብደብ ነው፤ ዋናው ገጽ እስካልተነካ ድረስ የፍለጋው ውጤት ተመልሶ ይመጣል። ዋናው ገጽ ከተለወጠ በኋላ ግን ጊዜው ያለፈበት ይዘት እንዲታደስ ማንም ሰው ሊሞላው የሚችል ቅጽ ጉግል አለው፤ የገጹን አድራሻና ከገጹ ላይ የጠፋውን ቃል ጽፎ መላክ ነው። ዛሬ ሰው የሚጠይቃቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ሰጪዎችም ስለ እርስዎ የሚናገሩት ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ለቃቅመው ስለሆነ፣ ምንጩን ማጥራት እነርሱንም ይጠቅማል።

አሁን ወደ አፈር ለምነቱ እንምጣ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎ ነው። ጉግል ስኮላር አራቱን ጽሑፎች ለምን ወደ እርስዎ እንዳመጣቸው መገመት አይከብድም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በዲሴምበር 1999 ሲዋሐዱ ነው። በዚህም የተነሣ ሰመመን ሰጪ ነርሱም የአፈር ተመራማሪውም በጽሑፋቸው ላይ የሚያሰፍሩት የተቋም ስም አንድ ሆነ። ስምዎና የአባትዎ ስም ከሌላ ሰው ጋር ሲገጥም፣ ተቋሙም ሲገጥም፣ ማሽኑ ሁለታችሁን አንድ ሰው ናችሁ ብሎ ደመደመ። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን፣ የመጠሪያ ስምና የአባት ስም ብቻ ይዞ ሰውን ለመለየት የሚሞክር መዝገብ ሁሉ እንዲህ ቢሳሳት አይገርምም።

የማሽኑ ስሕተት ይህ ነው፤ አውቆ ዝም ማለት ግን የእርስዎ ነው። እነዚያ አራት ጽሑፎች የሰው ላብ ናቸው፤ ሞክሼዎ የተጠቀሱበት ቁጥር በእርስዎ ገጽ እየተቆጠረ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በትውልድ ቀን ጥያቄ ያነሣ ኮሚቴ ነገ ስለ አፈሩ ቢጠይቅዎት የቀኑ ስሕተት የመዝጋቢው መሆኑን ማስረዳት ይቀላል፤ የዚህኛውን ግን ለማን ይሰጡታል? ዛሬ ማታ በራስዎ መለያ ገብተው አራቱን ምልክት አድርገው ያጥፏቸው፤ የጽሑፎች ማደሻ በሚለው ማስተካከያ ውስጥም ገጹ በራሱ እንዳይጨምር፣ አዲስ ጽሑፍ ሲያገኝ በኢሜይል እንዲጠይቅዎት ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሞክሼዎ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ሲያወጡ እንደገና ወደ እርስዎ ይመጣል። ከዚያም ኦርሲድ የሚባለውን መለያ ያውጡ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚሰጥ፣ 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ስምዎ ከማንም ጋር ቢመሳሰል ቁጥሩ ግን የእርስዎ ብቻ ነው፤ ጽሑፍ ለመጽሔት ሲልኩም አብሮ ይያያዛል።

ስምዎን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉበትንም መንገድ አንድ ያድርጉት። በእኛ አካባቢ ይህ ከሌላው ቦታ የባሰ ነው። «ጫልቱ» የሚለውን ስም እንውሰድ፤ በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ብቻ ይጀምርና አናባቢዎቹ ይደረባሉ፣ ሌላው ሰው ደግሞ በ«ሲ» ላይ «ኤች» ይጨምርበታል። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይዘጋዋል። በዲፕሎማው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ በጽሑፉ ሦስተኛ ዓይነት የተጻፈ ሰው ለኮምፒዩተር ሦስት ሰው ነው። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ በሌላው ሲቀር ነገሩ ይብሳል። ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ፤ የቀሩትን ገጾች ሁሉ ወደዚያው ያምጧቸው። ፌስቡክ ላይ ስም ከቀየሩ በኋላ ለ60 ቀን መልሰው መቀየር ስለማይችሉ አጻጻፉን ሳይወስኑ አይነካኩት።

የቡና ደላላው ነገር አስቆኛል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህ የደዋይ ስም የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ስሙን የሚያገኙት መተግበሪያውን የጫኑ ሰዎች በስልካቸው መዝግበው ከያዙት ወይም ራሳቸው ጠቁመው ካስገቡት ነው። ሲም ካርድዎን አዲስ ብለው ቢገዙትም ቁጥሩ አዲስ ላይሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ተመልሶ ይሸጣል። ከእርስዎ በፊት የያዙት ሰው መርካቶ ውስጥ ቡና ያገበያዩ ነበር ማለት ነው፤ ደንበኞቻቸውም እስከ ዛሬ በስልካቸው አልሰረዙትም። ማንንም መክሰስ የማይቻልበት ስሕተት ነው። መተግበሪያዎቹ ቁጥር ከመዝገባቸው እንዲወጣ የሚጠየቅበት ገጽ በድረ ገጻቸው ላይ አላቸው፤ ቁጥሩን አስገብተው፣ የእርስዎ መሆኑን አረጋግጠው ይጠይቁ። ስምዎ እንዲታይ ከፈለጉ ግን መተግበሪያውን ጭነው ቁጥርዎን አረጋግጠው ስሙን በራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል፤ ያኔ «የስልክ ማውጫዎን ልይ?» ሲልዎት እምቢ ይበሉት፤ አለበለዚያ የእርስዎን ስም ለማሳረም ብለው የመቶ ሰው ስም ይሰጣሉ። ለተማሪዎ አባት ደግሞ ከመደወልዎ በፊት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩላቸው። እግረ መንገድዎን የቀድሞው ባለቤት በዚህ ቁጥር ከፍተውት የቀረ የቴሌግራም መለያ ወይም የባንክ መልእክት የሚደርስዎት ከሆነ ችላ አይበሉት፤ ወደ ባንኩ ሄደው ቁጥሩ ዛሬ የእርስዎ መሆኑን ያስታውቁ።

የቀረው ክሊኒኩ ነው፤ እዚህ ላይ የፈለጉትን ሁሉ አላገኝልዎትም። ገጹ ዛሬም «ባልደረባችን» የሚልዎት ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት። ፎቶዎም እንዲነሣ መጠየቅ ይችላሉ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይደነግጋል፤ ሲቀጠሩ ፈቅደው ከነበረም፣ ከወጡ በኋላ ፈቃዱ እንዳበቃ በጽሑፍ ያሳውቋቸው። ማኅበሩን እንደጠየቁት ሁሉ ክሊኒኩንም በአጭር ደብዳቤ፣ ያለ አሮጌ ወቀሳ ይጠይቁ፤ የጠባችሁን ምክንያት በደብዳቤው ውስጥ ካነሡት መልሱ ስለ ጠቡ ይሆናል። እዚያ 11 ወር መሥራትዎ ግን የሆነ ነገር ነው። ክሊኒኩ የቀድሞ ሠራተኞቹን ስም ከነዘመኑ ቢያስቀምጥ ውሸት አልተናገረም፤ እርስዎም ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው አይጻፉላቸው፤ ትክክለኛው ጥያቄዎ ከዚህኛው ጋር ተዳብሎ ክብደቱን ያጣል። በሲቪዎ ላይ እነዚያን 11 ወራት ዘልለዋቸው ከሆነ ደግሞ ኮሚቴው ዛሬ ያገኘው ልዩነት አንድ ነው፣ ነገ ሁለተኛውን ያገኛል። ስለዚህ ለኢሜይሉ መልስ ሲልኩ የታደሰ ሲቪ አያይዘው፣ የክሊኒኩን ስም፣ የጀመሩበትንና የለቀቁበትን ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል ጽፈው ያስገቡት።